የኑቬል ፍራንስ ሰፋሪዎችን ዘር ለመቁጠር የቱን መዝገብ እንምረጥ?

ኬቤክ ውስጥ የአገሬውን ሰው ያገቡ ሐበሾች፣ ልጆቻቸው ከፍ ሲሉ አንድ ጥያቄ አይቀርላቸውም። «በእማዬ በኩልስ እነማን ነን?» የሐበሻው ወገን አያት ቅድመ አያት በቃል ይቆጠራል። የኬቤኩ ወገን ግን ተጽፎ ነው የተቀመጠው፤ ያውም ኬቤክ ኑቬል ፍራንስ በሚባለው የፈረንሳይ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛት ውስጥ ከነበረችበት ከ1600ዎቹ ጀምሮ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የመረጃ እጦት ሳይሆን ብዛቱ ነው። አንዱ በነጻ ነው፣ ሌላው በክፍያ። አንዱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ ሌላው ማንም ያሻውን የሚለጥፍበት።

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። የምትፈልጉት በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር የሰፈሩትን ፈረንሳዮች ከሆነ፣ ለአጭር ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ከፍላችሁ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲን የመረጃ ቋት ተጠቀሙ። ከዚያ የመዝገቡን ፎቶ በነጻ ራሳችሁ እዩ። የዲኤንኤ ምርመራውን ወደኋላ አቆዩት። ለሌሎቹ የፈረንሳይ ሰፈሮች፣ ለአካዲያና ለሉዊዚያና፣ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ሰው ይዘን እንሂድ

ዘካሪ ክሉቲዬ ይባላል፤ አናጺ ነው። አገሩ በፈረንሳይ ፐርሽ አውራጃ የምትገኘው ሞርታኝ ከተማ ናት። በ1634 ከግንበኛው ዣን ጊዮን ጋር ሆኖ፣ ሮቤር ዢፋር ለሚባል ባለርስት ሊሠራ ውል ገባና ወደ ኬቤክ ተሻገረ። መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ውሎች ላይ በፊርማ ፈንታ መጥረቢያ ይሥል ነበር። ያችን ትንሽ መጥረቢያ ዛሬም ወረቀቱ ላይ ታዩዋታላችሁ። ከዢፋር ጋር ኋላ ተጣልተው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ይህን ሰው የመረጥኩት በዋዛ አይደለም። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 1800 ድረስ የነበሩትን የክሉቲዬ ዘሮች ቆጥረው 10,850 አድርሰዋቸዋል። በዚህ ከሰፋሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ነው። የኬቤክ ሰው ያገባችሁ ከሆነ፣ ልጆቻችሁ የዚህ ባለመጥረቢያ ሰው ዘር የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

ሥራው ሁሉ በጋብቻ መዝገብ ይቆማል

ምርጫው ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። አሜሪካ ውስጥ ዘር የሚቆጥሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር ነው። ለኑቬል ፍራንስ ይህ ብዙም አይሠራም። ከዚያ ዘመን የተረፈው የተሳፋሪ ዝርዝር ጥቂት ነው። ዋልታና ማገሩ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ነው።

አንድ ገጽ ስትከፍቱ ቄሱ ቀኑን በፊደል ጽፎት ታገኛላችሁ። ጋብቻው በቅዳሴ ላይ ሦስት ጊዜ መታወጁን ይገልጻል። ከዚያ የሙሽራው ስም ይመጣል፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የእናቱ ከነቤተሰቧ ስም፣ ቀጥሎ የመጡበት አጥቢያ። ለሙሽሪትም እንዲሁ። ምስክሮቹ ይዘረዘራሉ። መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ «መፈረም እንደማይችሉ ተናግረዋል» የሚል መስመር አለ። በአንድ ገጽ አራት ወላጆች አገኛችሁ ማለት ነው። የእነሱን ጋብቻ ፈልጋችሁ አንድ ደረጃ ትወጣላችሁ። እንዲህ እያሉ ክሉቲዬ ጋ ይደረሳል።

ሴቶቹ ደግሞ አግብተውም በመዝገቡ ላይ የአባታቸውን ቤት ስም አይለቁም። ለፈላጊ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የእንግሊዞቹን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው በባል ስም ተሸፍና የጠፋች ሴት ሲፈልግ ዓመት ይፈጃል።

ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ። አንደኛ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ድጋሚ ስታገባ ቄሱ ብዙውን ጊዜ ወላጆቿን ትቶ «የሟቹ የእገሌ ሚስት የነበረች» ብሎ ያልፋታል። ያኔ የመጀመሪያ ጋብቻዋን መፈለግ ግድ ነው። ሁለተኛ፣ በ1640 የኬቤክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ መዝገቡ አብሮ ነዷል። ከዚያ በፊት ያለውን ካህናቱ ከትዝታ ነው መልሰው የጻፉት። እና ከ1640 በፊት ያለ ቀን ላይ ድርቅ ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ሌላው ራስ ምታት የስም ነገር ነው። ወታደሮቹ እንደኛ የፈረስ ስም ዓይነት የጦር ስም ነበራቸው። ላፍለር፣ ላቪዮሌት፣ ሳንሱሲ ይባባላሉ። ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍና አንዱ ወንድም በዋናው፣ ሌላው በጦር ስሙ ይቀራል። ወታደር ባልሆኑትም ቤት ተጨማሪ ስም ሞልቷል። ሚቪል የነበረው ቤተሰብ ዴሼን ሆኖ ይገኛል፤ ሁዶን የነበረው ቦልዮ። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ደግሞ ስሙን ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ ሩዋ ኪንግ ሆነ፣ ቧቬር ግሪንውድ ሆነ። የምታወዳድሩት መሣሪያ እነዚህን ስሞች ማገናኘት ካልቻለ ገንዘባችሁ ውኃ በላው።

ፒአርዲኤች ወይስ ዤኔአሎዢ ኬቤክ?

ብዙ ሰው የሚወዛገበው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ሁለቱም የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም።

ፒአርዲኤች በ1966 ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የጥናት ፕሮግራም ነው። ዓላማው የቤተሰብ ዛፍ መሥራት አልነበረም። የሕዝብ ቁጥር አጥኚዎች የኬቤክን የካቶሊክ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ከ1621 ጀምረው አንድ በአንድ እየመዘገቡ፣ የአንድን ሰው ወረቀቶች በአንድ ቋጠሮ አሰሩ። ኋላ ላይ ሥራው እስከ 1849 ተዘረጋ። ክሉቲዬን ስትጠይቁት አንድ የቤተሰብ ገጽ ይሰጣችኋል። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እያንዳንዳቸው መቼ ማንን እንዳገቡ እዚያው ላይ አለ። ከጦር ስሞቹ ጋር የሚደረገውንም ግብግብ አብዛኛውን እነሱ ጨርሰውታል።

ክፍያው በምትከፍቱት ገጽ ብዛት ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሚያገላብጥ ሰው ሒሳቡን ቶሎ ይጨርሳል። ዝርዝር ጽፋችሁ ግቡ። እኔ እንደማየው ከ1800 በፊት ላለው ዘመን የሚወዳደረው የለም።

ዤኔአሎዢ ኬቤክ የድሩዋን ተቋም ድረ ገጽ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ነበር፤ አንዱ አጥቢያው ይቀራል፣ አንዱ ለፍርድ ቤት ይሄዳል። ጋብርኤል ድሩዋን በ1940ዎቹ ያን የፍርድ ቤት ቅጂ በማይክሮፊልም አነሳው። ዛሬ የምናየው ፎቶ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። የሚያስመርጠው ለቅርቡ ዘመን ነው። የካቶሊክ ጋብቻ ማውጫው እስከ 1918 ይደርሳል፤ ፎቶዎቹ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። የባለቤታችሁን ቅድመ አያት ስም ብቻ ይዛችሁ የምትነሱ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ስትወጡ ስትወጡ 1849 ጋ ስትደርሱ ወደ ፒአርዲኤች ተሻገሩ። ሁለቱንም ለዓመት መመዝገብ አያስፈልግም። ለአንድ ወር በደንብ ከተሠራበት ይበቃል።

በነጻ የሚገኘው

ፋሚሊሰርች የሚባለው ድረ ገጽ ሒሳብ ከመክፈት በቀር ምንም አይጠይቅም። የኬቤክ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገቦችን ፎቶ ከ1621 እስከ 1979 አስቀምጧል። ያላችሁ ቀንና አጥቢያ ከሆነ ጥራዙን ከፍታችሁ ገጽ በገጽ ትሄዳላችሁ። ጊዜ ይበላል፣ ግን ይደረስበታል። ፒአርዲኤች የነገራችሁን በዚህ አረጋግጡ።

እዚያው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የጋራ የቤተሰብ ዛፍ ግን እንደ ማስረጃ አትያዙት። ማንም ገብቶ ይለውጠዋል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው የአክስት ልጆች እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው፣ ከመወለዷ በፊት ያገባች ሴት ሁሉ ታገኙበታላችሁ። ዊኪትሪ የሚባለው ሌላ የጋራ ዛፍ የተሻለ ይጠነቀቃል፤ ለድሮ ሰዎች ምንጭ ካልጠቀሳችሁ አያስገባም። ያም ሆኖ ፍንጭ ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

አባ ሲፕሪያን ታንጌ በ1871 እና በ1890 መካከል ያሳተሙት ባለ7 ቅጽ የቤተሰቦች መዝገበ ቃላትም በኬቤክ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይነበባል። አንድ ቄስ ያለ ኮምፒውተር ያን ሁሉ አጥቢያ ማሰባሰባቸው ይገርማል። ግን ስሕተቱ ብዙ ነው። ኋላ የመጡ ሰዎች የእርማት ጥራዞች አሳትመውለታል። የሬኔ ዤቴ የ1983 መዝገበ ቃላት እስከ 1730 ብቻ ይሂድ እንጂ እጅግ የታመነ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ አንብቡት። ታንጌና ዤቴ ከተጣሉ እኔ ከዤቴ ጋር ነኝ።

አንሴስትሪ መቼ ያዋጣል?

ዘመዶቹ ወደ አሜሪካ ከሄዱ። ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጋ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ወደ ኒው ኢንግላንድ ፈልሷል። ሎውል፣ ማንቸስተር፣ ዉንሶኬት የእነሱ ከተሞች ነበሩ። የአሜሪካን ሕዝብ ቆጠራና የኬቤክን መዝገብ በአንድ መስኮት ለማየት የሚከፈልበት ድረ ገጽ አንሴስትሪ ይመቻል። የድሩዋን ፎቶዎችም አሉበት። ችግሩ ማውጫው ላይ ነው። የድሮ ፈረንሳይኛ ጽሕፈት በትክክል ሳይነበብ የገባ ስም ብዙ ስለሆነ፣ ፍለጋው «የለም» ሲላችሁ ወዲያው አትመኑት። ከመክፈላችሁ በፊት ሰፈራችሁ ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። በካናዳም በአሜሪካም ብዙዎቹ የአንሴስትሪን የቤተ መጻሕፍት እትም በነጻ ያስጠቅማሉ።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ሰውየውን ማግኘት

እኔን የሚያስደስተኝ ክፍል ይኼ ነው። ስምና ቀን ሰው አይሆንም። ሰውየው ያለው ኖተር ጽሕፈት ቤት ነው፤ በእኛ አገር ውልና ማስረጃ የምንለው ዓይነት። ኑቬል ፍራንስ ውስጥ ሰው ያለ ኖተር አያገባም፣ አይሸጥም፣ አይከፋፈልም ማለት ይቻላል። ክሉቲዬ ሴት ልጁን አንን ለሮቤር ድሩዋን ሲድር በ1636 የጋብቻ ውል ተጽፏል። ካናዳ ውስጥ ከተረፉት የጋብቻ ውሎች ሁሉ ጥንታዊው እሱ እንደሆነ ይነገራል። ልጅቷ 10 ዓመቷ ነበር። ሠርጉ የተደረገው በተከታዩ ዓመት ነው።

«የንጉሡ ልጆች» የሚባሉት ሴቶች ጉዳይም ያለ ኖተር አይፈታም። ከ1663 እስከ 1673 ድረስ ወደ 770 የሚሆኑ ሴቶች በሉዊ 14ኛ ወጪ ለሰፋሪዎቹ ሚስት እንዲሆኑ ተልከዋል። አንዳንዷ ከአንዱ ጋር ውል ትፈራረምና ሳይጋቡ ትሰርዘዋለች፤ ከዚያ ሌላ ታገባለች። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ሰው ሲሞት የሚሠራው የንብረት ዝርዝር ደግሞ ቤት ያስገባችኋል። ድስቱ፣ የላባ ፍራሹ፣ ያረጀው ካፖርት፣ ላሟ ከነቀለሟና ከነዕድሜዋ፣ ለእነማን ዕዳ እንዳለበት። የኬቤክ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ብዙውን ፎቶ አንሥቶ በነጻ ለቆታል። እስከ 1789 ያለውን ለመፈለግ ፓርሽማን የሚባል ማውጫ አለ። የሚያስከፍላችሁ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱን ግን በብዙ ያስከፍላችኋል። የሦስት መቶ ዓመት ጽሕፈት ማንበብ ቀልድ አይደለም።

ውቅያኖሱን ለመሻገር ሁለት ነጻ መንገድ አለ። መጀመሪያ ፊሺዬ ኦሪዢን የሚባለውን የመረጃ ቋት እዩ። የሰፋሪዎቹ የጥምቀት ወይም የወላጆቻቸው ጋብቻ ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኘ እዚያ ተመዝግቧል። የክሉቲዬ በ1616 ሞርታኝ ላይ ማግባት የሚታወቀው እንዲህ ባለ ፍለጋ ነው። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ የአውራጃ ቤተ መዛግብት ግቡ። ሞርታኝ በዛሬው አከላለል ኦርን አውራጃ ውስጥ ናት፤ ላ ሮሼል ሻራንት-ማሪቲም ውስጥ። አብዛኞቹ አውራጃዎች የቤተ ክርስቲያን መዝገቦቻቸውን ፎቶ በነጻ ያሳያሉ። መንደሩን ሳታውቁ ግን መግባት ልፋት ነው።

አካዲያና ሉዊዚያና ሌላ አገር ነው

ወገናችሁ ሌብላን፣ ላንድሪ፣ ቴሪዮ ከሆነ ከላይ ያልኩት ግማሹ አይሠራላችሁም። አካዲያውያን በዛሬዋ ኖቫ ስኮሺያ የሰፈሩ ናቸው። በ1755 እንግሊዞች ከመሬታቸው ነቅለው በየቦታው በተኗቸው፤ መዝገባቸውም አብሮ ተበተነ። የአካዲያዋ ከተማ የፖር-ሩዋያል መዝገብ ከ1702 ጀምሮ በኖቫ ስኮሺያ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። የግራን-ፕሬ አጥቢያ መዝገብ ግን ስደተኞቹን ተከትሎ ሉዊዚያና ገብቶ ዛሬ ባተን ሩዥ ሀገረ ስብከት ነው ያለው። ከ1702 በፊት ላለው ከ1671 ጀምሮ የተደረጉትን የሕዝብ ቆጠራዎች መጠቀም ነው። ለአካዲያ እኔ ፒአርዲኤችን አልመርጥም። የስቲፈን ኋይት የአካዲያ ቤተሰቦች መዝገበ ቃላት ይሻላል፤ እስከ 1714 ያለውን ቤተሰብ አጣርቶታል።

ሉዊዚያና ሲመጣ ምርጫው በአጭሩ የቤተ ክርስቲያን ጥራዝ ነው። የኒው ኦርሊንስና የባተን ሩዥ ሀገረ ስብከቶች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገባቸውን ጨምቀው በቅጽ በቅጽ አሳትመዋል። በ1785 ከፈረንሳይ በሰባት መርከብ ወደ ሉዊዚያና የገቡት 1,600 ገደማ አካዲያውያን ደግሞ ከተለመደው ወጣ ባለ መልኩ በስም ዝርዝር ተመዝግበዋል። የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት፣ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ያለው፣ ከ1776 ጀምሮ ከቅኝ ግዛቶች የተላኩ ቅጂዎችን በነጻ ያሳያል። ዛሬ ሄይቲ ለሆነችው ለሳን ዶማንግ፣ ለማርቲኒክና ለጓዴሉፕ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ፍለጋው ላይ የምትገናኙት ነጭ ሰፋሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታሪክ ተመራማሪው ማርሴል ትሩዴል በኑቬል ፍራንስ ከ4,000 በላይ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ከመዝገብ ለቅሟል። አብዛኞቹ ቀደምት የአገሩ ሕዝቦች ናቸው፤ የቀሩት ጥቁሮች። መዝገቡ ለእነሱ ብዙ ጊዜ አባትና እናት አይጽፍም፤ የሚጽፈው የባለቤቱን ስም ነው። ስለዚህ የጋብቻው መንገድ እዚህ ይቆማል። የባለቤቱን የኖተር ወረቀት፣ የሽያጭ ውሉንና የንብረት ዝርዝሩን መከተል ነው የሚያዋጣው።

ዲኤንኤስ?

ማስታወቂያው ብዙ ስለሆነ ሰው ከዚህ ይጀምራል። ለዚህ ጥያቄ ግን ደካማው ምርጫ ነው። በኑቬል ፍራንስ ዘመን መጥተው የቀሩት ሰፋሪዎች ወደ 10,000 ገደማ ይገመታሉ። ዘራቸው ለመቶ ዓመታት እርስ በርሱ ተጋብቷል። ቤተ ክርስቲያን እስከ አራተኛ ደረጃ ያለ ዝምድናን ትከለክል ስለነበር ዘመዳሞች ሲጋቡ ፈቃድ ያወጣሉ፤ ፈቃዱም በጋብቻው ገጽ ይጠቀሳል። ሰባት ቤት መቁጠር ለለመደ ሰው ይህች መስመር ጥሩ ፍንጭ ናት፤ የሁለቱ ወገን የጋራ አያት የት አካባቢ እንዳለ ትጠቁመዋለች። በዲኤንኤው በኩል ግን ውጤቱ ዝብርቅርቅ ነው። በአምስት መንገድ የሩቅ ዘመድ የሆነን ሰው ኮምፒውተሩ የቅርብ ዘመድ ያደርገዋል።

በዚያ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ለግል ፍላጎት ዲኤንኤ ማስመርመር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱ 3,750 ዩሮ ነው። ስለዚህ ከሞርታኝ የሚገጥማችሁ ዘመድ ጥቂት ነው። ጉዲፈቻ ወይም አባት ያልተጻፈበት ጥምቀት ካለ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ከወረቀቱ የበለጠ ይረዳል። የአባት መስመር ብቻ የሚያሳየው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ደግሞ ሁለት ስም የያዙ ቤተሰቦች አንድ መሆናቸውን ለማጣራት ይጠቅማል።

ጽሕፈቱን ማንበብ ሲያቅታችሁ፣ ማቃቱም አይቀርም፣ ሞንትሪያል ያላችሁ ወደ ፈረንሳይ-ካናዳ የዘር ሐረግ ማኅበር ሂዱ። ከ1943 ጀምሮ ያለ ነው፤ የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው። ጡረታ የወጡ አዛውንቶች አጉሊ መነጽር ይዘው ይቀመጣሉ። የገጹን ፎቶ፣ የአጥቢያውን ስምና ዓመቱን አትማችሁ ውሰዱላቸው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ሲያሳዩዋቸው አይወዱም።